የተጠናቀሩ የቋንቋ መሣሪያዎችን ያለ ክፍያና በግል ስለ ማስቀመጥ፦ ለአነስተኛ የጥናት ቡድኖች የቀረበ ማብራሪያ

አጠቃሎ

ይህ ጽሑፍ የሥነ ልሳን ባለሙያዎችና የሶፍትዌር ሠሪዎች በጋራ የሚያዘጋጇቸውን ሥነ ምዕላዳዊ ተንታኞች፣ የፊደል ግድፈት ማረሚያዎችና መሰል የግንባታ ውጤቶች ያለ ክፍያና ለቡድኑ አባላት ብቻ በሚታይ ሁኔታ በኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ ስለሚቻልበት መንገድ ያብራራል። የጽሑፉ መከራከሪያ ነፃ ማከማቻ ማከፋፈያ እንጂ መዝገብ ቤት አይደለም የሚል ነው። ስለዚህ ዘላቂ ጥበቃ የሚያስፈልገው ለምንጩ፣ ለማጠናቀሪያው መመሪያና ለየእትሙ መለያ ነው።

1. የግንባታ ውጤት ምንድን ነው?

ሥነ ምዕላዳዊ ተንታኝ የሚሠራ ቡድን ሁለት ዓይነት ፋይሎች ይኖሩታል። የመጀመሪያው ሰው ጽፎ ሰው የሚያነበው ነው፤ የቃላት ዝርዝሩ፣ የግስ እርባታና የድምፅ ለውጥ ሕጎቹ የሚገኙት በዚህ ውስጥ ነው። ይህም ምንጭ ይባላል። ሁለተኛው ፎማን የመሰለ ፕሮግራም ምንጩን አጠናቅሮ የሚያወጣው፣ ለኮምፒዩተር ሥራ የተዘጋጀ ፋይል ነው። የግንባታ ውጤት የሚባለው ይህ ነው። የሁለቱ ግንኙነት በደራሲ እጅ ያለ ረቂቅ ከማተሚያ ቤት ከወጣ መጽሐፍ ጋር ያለውን ግንኙነት ይመስላል። ረቂቁ በየዕለቱ ይታረማል፤ አንባቢ የሚጠቅሰው ግን የታተመውን ነው፤ ሲጠቅስም እትሙን ይለያል።

እትምን መለየት ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ምሳሌ ያሳያል። «ገና» የሚለው ጽሑፍ «ነ» ሲላላ «እስካሁን» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉን ያመለክታል። በቃላት ዝርዝሩ ውስጥ ላልቶ የሚነበበው ብቻ ተመዝግቦ ሳለ የተጠናቀረ ተንታኝ አንድ ትንታኔ ይሰጣል፤ ሁለቱም ከተመዘገቡ በኋላ የተጠናቀረው ሁለት ይሰጣል። ሁለቱ ፋይሎች አንድ ስም ካላቸው አንዱ ተመራማሪ ያገኘውን ውጤት ሌላው ደግሞ ሊያገኘው አይችልም፤ ልዩነቱ ከቋንቋው ይሁን ከፋይሉ የሚያውቅ አይኖርም። በቴሌግራምና በፍላሽ የሚዘዋወሩ፣ «የመጨረሻው» እና «የመጨረሻው 2» የሚል ስም የተሰጣቸው ፋይሎች የሚያስከትሉት ችግር ይኸው ነው።

2. ከምንጩ ተለይቶ ስለ መቀመጡ

ምንጩን የሚጠብቀው ጊት የተባለው ሥርዓት እያንዳንዱን ለውጥ ለዘለቄታው ይይዛል። ይህ ለጽሑፍ ፋይል እጅግ ይጠቅማል። የተጠናቀረ ትልቅ ፋይል ግን በተገነባ ቁጥር ከገባ ታሪኩ ያብጣል፤ ፋይሉ በኋላ ቢሰረዝም የቀደሙት ቅጂዎች በታሪኩ ውስጥ ይቀራሉ። ጊትሃብም በጊት በኩል የሚላክ ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ስለዚህ የግንባታ ውጤት የራሱ ቦታ ያስፈልገዋል።

3. በግል ስለ ማስቀመጥ

ሥራውን ሁሉ መደበቅ አያስፈልግም። የማይክል ጋሰር ሆርንሞርፎ አማርኛን፣ ኦሮምኛንና ትግርኛን የሚተነትን መሣሪያ ሲሆን ለሕዝብ ክፍት በመሆኑ ብዙ ተመራማሪዎችን ጠቅሟል። ክፍት ማድረግ ግን ውሳኔ ይጠይቃል፤ እስኪወሰን ድረስ ፋይሉ በግል መቆየት አለበት።

እዚህ ላይ ለሥነ ልሳን ባለሙያ ልዩ ትርጉም ያለው አንድ ነጥብ አለ። የተጠናቀረ ፋይል በሰው ዓይን ስለማይነበብ ይዘቱ የተሰወረ ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። ፎማ በተጠናቀረው መረብ ውስጥ ያሉትን ቃላት ዘርዝሮ የሚያወጣ ትእዛዝ አለው። ስለዚህ ተንታኙን የሰጠ ሰው የቃላት ዝርዝሩንም ሰጥቷል። ዝርዝሩ ከቃለ መጠይቅ ቅጂዎች የተለቀመ ከሆነ የተናጋሪዎች የግል ስሞች፣ የመንደር ስሞች፣ ወይም ማኅበረሰቡ ለውጭ ሰው እንዲነገሩ ያልፈቀዳቸው ቃላት አብረው ይወጣሉ። ተናጋሪው ለጥናቱ የሰጠው ፈቃድ ለምንጩ እንደሚሠራ ሁሉ ለግንባታው ውጤትም ይሠራል።

4. ያሉት አማራጮች

ጊትሃብ ከኤፕሪል 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግል ማከማቻን የተባባሪዎችን ቁጥር ሳይገድብ በነፃ ይሰጣል። በዚሁ ማከማቻ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ሁለት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው በራስ ሰር ግንባታ ወቅት የሚወጡ ፋይሎች የሚያርፉበት ጊዜያዊ ቦታ ነው፤ ቡድኑ ካልለወጠው በስተቀር ፋይሎቹ ከ90 ቀን በኋላ ይሰረዛሉ፤ ለግል ማከማቻም የነፃው ቦታ 500 ሜጋባይት ብቻ ነው። ሁለተኛው የእትም መልቀቂያ ገጽ ነው። እዚህ የተያያዘ ፋይል የማብቂያ ቀን የለውም፤ እያንዳንዱ ፋይል ከ2 ጊጋባይት ማነስ ብቻ ይጠበቅበታል። የዕለት ሙከራ በመጀመሪያው፣ በጥናት ጽሑፍ የሚጠቀስ እትም በሁለተኛው ይቀመጥ።

ማከማቻው በግለሰብ ስም ከተከፈተ የተጋበዘ ሁሉ የመለወጥ ሥልጣንም ያገኛል። በድርጅት ስም ከተከፈተ ግን ለአንዳንዱ አባል የማንበብ ፈቃድ ብቻ መስጠት ይቻላል። ፋይል ለማውረድ ብቻ ለሚፈልግ የመስክ ረዳት የሚስማማው ይህኛው ነው።

ጊትላብ በነፃው አገልግሎቱ የግል ቡድንን በ5 ተጠቃሚ ይገድባል፤ በአገልግሎቱ ድረ ገጽ ላይ የሚወጡ ጊዜያዊ የግንባታ ፋይሎችም ካልተለወጠ በስተቀር የ30 ቀን ዕድሜ አላቸው። ሥርዓቱን ዩኒቨርሲቲው በራሱ ሰርቨር ላይ መትከል ይችላል፤ ሆኖም የመብራትና የጥገና ኃላፊነት አብሮ ይመጣል። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰርን የሚካሄደው ዜኖዶ ቋሚ መለያ ቁጥር ይሰጣል፤ ፋይሉን ገድቦ መያዝም ይፈቅዳል። መግለጫው ግን ለሁሉም ይታያል። ስለዚህ ዜኖዶ ተሠርቶ ላለቀ እትም እንጂ ለዕለት ሥራ አይመችም።

«የግል» የሚለው ቃል ራሱ መብራራት አለበት። ፋይሉ ከሌሎች ተጠቃሚዎች ይሰወራል እንጂ ከአገልግሎት ሰጪው አይሰወርም። በጥብቅ ፈቃድ የተሰበሰበ ቃል ያለበት ፋይል ከመላኩ በፊት በይለፍ ቃል መመስጠር፣ ወይም ጭራሹን አለመላክ ይገባል።

5. ነፃ አገልግሎት ሲዘጋ

ቢንትሬይ የሶፍትዌር ሠሪዎች የተጠናቀሩ ፋይሎቻቸውን የሚያከፋፍሉበት አገልግሎት ነበር። ባለቤቱ ጄፍሮግ በፌብሩዋሪ 2021 እ.ኤ.አ. መዝጋቱን አስታወቀ፤ አገልግሎቱም በሜይ 1 ቀን ቆመ። ፋይሎቹን ለማንሳት የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ገደማ ነበር። ደመወዝተኛ ባለሙያ ላለው ኩባንያ ይህ ጊዜ ይበቃ ይሆናል። የገነባው ተማሪ ተመርቆ ለሄደ፣ የመለያውም ይለፍ ቃል በተማሪው እጅ ለቀረ የቋንቋ ጥናት ቡድን ግን ማስታወቂያው ራሱ ላይደርሰው ይችላል።

6. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከቀረበው የሚከተሉት ምክሮች ይወጣሉ። የማከማቻው ባለቤትነት በቡድኑ ስም ይሁን፤ ቢያንስ አንዱ የትምህርት ክፍሉ ቋሚ መምህር የሆነባቸው ሁለት ኃላፊዎችም ይኑሩት። እያንዳንዱ እትም ቁጥር፣ የተገነባበት ቀን፣ የምንጩ መለያና ፋይሉን እንደ ጣት አሻራ የሚለይ የሻ-256 ቁጥር ይሰጠው፤ በኅትመት ላይም ይኸው ይጠቀስ። ፋይሉን ከምንጩ እንደገና ለመገንባት የሚያስፈልገው መመሪያ፣ የፎማው እትም ሳይቀር፣ ከምንጩ ጋር ይጻፍ። በዓመት አንድ ጊዜ በግንባታው ያልተሳተፈ የቡድን አባል መመሪያውን ብቻ ይዞ ይሞክረው። የምንጩና የተለቀቁት እትሞች ሙሉ ቅጂም ከኢንተርኔት ውጭ በትምህርት ክፍሉ ዲስክ ላይ ይኑር።

እነዚህ ከተሟሉ የነፃው ማከማቻ መዘጋት የአንድ ሳምንት ሥራ ያስከትላል። ካልተሟሉ ግን ተናጋሪዎች ጊዜያቸውን ሰውተው የሰጡት ቃል፣ ባለሙያው ዓመታት የደከመበትም ትንታኔ፣ ማንም መልሶ ሊገነባው የማይችል ፋይል ሆኖ ይቀራል።