ስልኩ ሲቋረጥ ልጃችን ለማን ይናገር?

ዋግ ውስጥ ብቸኛ ሰው አለ ቢባል ብዙዎቻችን አናምንም። ቡና በጉርብትና ይጠጣል፤ ማኅበሩ በየወሩ ይጠጣል፤ ለቅሶ ሲሆን እድርተኛው ሳይጠራ ይመጣል፤ ነሐሴ 16 ቀን ሻደይ ሲገባ ሰቆጣ በልጃገረዶች ጨዋታ ትደምቃለች። ይሁንና ከሰው መካከል ተቀምጦ ብቻውን የሆነ ሰው አለ። በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ለራስ ምታት፣ ለጨጓራ፣ ለእንቅልፍ ማጣት መድኃኒት ፈልገው ከመጡት መካከል ዋና ሕመማቸው የሚያዋዩት ሰው ማጣት የሆነባቸው ጥቂት አልነበሩም። የዓለም ጤና ድርጅትም በኅዳር 2016 ዓ.ም. በማኅበራዊ ትስስር ላይ የሚሠራ ኮሚሽን አቋቁሟል። ብቸኝነት ለልብ ሕመም፣ ለስትሮክ፣ ለድባቴና ለመርሳት በሽታ ያጋልጣልና።

መስመር ሲዘጋ

ያለፉት ዓመታት ደጋግመው ዘጉብን። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባና ተሳስሞ ሰላም መባባል ቀረ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ሰቆጣ ሲደርስ ስልኩም፣ መብራቱም፣ ባንኩም ተቋረጠ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፋ። በዚያ ጊዜ አብዛኞቻችን የናፈቅነው አዲስ አበባ ወይም ዐረብ አገር ያለ ልጃችንን ድምፅ ነበር። አብሮን ያለው ልጅስ ማን ናፍቆት ነበር? በቤቱ ለመናገር ያልደፈረውን ሩቅ ላለ ጓደኛ በስልክ የሚያወያይ ልጅ፣ መስመሩ ሲቋረጥ የሚቀረው የእኛው ቤት ብቻ ነው። እዚያም የሚሰማው ካጣ ጨርሶ ብቻውን ቀረ ማለት ነው።

ከኤች አይ ቪ የተማርነው

በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ከታወቁበት ከ1978 ዓ.ም. በኋላ ለብዙ ዓመታት ሕሙማኑን ከቫይረሱ ባልተናነሰ የጎዳቸው መገለል ነበር። ሰሃናቸው ተለየ፤ ከተከራዩት ቤት ተባረሩ፤ ቡና የሚጠራቸው ጠፋ። ወደ ጤና ተቋም መሄድ ምስጢራቸውን አደባባይ ማውጣት ስለሚመስላቸው የሚመጡት አቅማቸው ካለቀ በኋላ ነበር። ነገሩ መለወጥ የጀመረው ሕሙማኑ ራሳቸው ሲሰባሰቡ ነው። መቅድም የተባለው ማኅበር በ1989 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ብዙም ሳይቆይ የተስፋ ጎህ ተከተለ። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ጀመረ። ዛሬ መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ ሰው አያስተላልፍም። እዚህ የደረስነው ሰዎቹ ተደብቀው ሳይሆን ወጥተው ስለታከሙ ነው።

ስሙ የማይጠራው ጉዳይ

አሁንም በዝምታ የተያዘ ሌላ ጉዳይ አለ። ወንድ ሆኖ ልቡ ወደ ወንድ፣ ሴት ሆና ልቧ ወደ ሴት የሚሳብ ልጅ በእኛም አገር አለ። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ወንጀል ነው፤ የሃይማኖቶቻችን አቋምም የታወቀ ነው። እዚህ ስለ ሕግና ስለ ሃይማኖት አልከራከርም። እንደ ጤና ባለሙያ ግን የምለው አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ስሜት ከበሽታዎች ዝርዝር ያወጣው በ1982 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በዱላ፣ ቤት ዘግቶ በማሰር ወይም በግድ በመዳር የሚድን ሕመም አይደለም። በግድ ስንድር ደግሞ ምንም የማያውቅ የሰው ልጅ አብረን እንበድላለን።

ልጁን የሚያሳምመው ፍርሃቱና ብቸኝነቱ ነው። ከቤት የተባረረ ልጅ ጎዳና ላይ ለመደፈር፣ ለሱስና ለአባላዘር በሽታ ይጋለጣል፤ ቢታመምም እንዳይታወቅበት ፈርቶ ሐኪም አያይም። ሕይወቱን ለማጥፋት የሚያስብም አለ።

ወደ ጠበል ልውሰደው የምትሉ ትኖራላችሁ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ለኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው እንደሚሄዱ ተናግረው ነበር። ልጁም የሚሄድ ከሆነ ወድዶ ይሂድ እንጂ ታስሮ አይወሰድ፤ ሕክምና ካስፈለገውም አይከልከል።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እናድምጥ። ልጅ ልቡን ሲከፍት “ማን አበላሸህ?” ብሎ መጮኽ ዳግመኛ እንዳይናገር ያደርገዋል። “ልጄ ነህ፤ ቤትህ ይህ ነው” ማለት የወላጅ ወግ ነው።

ሁለተኛ፣ ምስጢሩን እንጠብቅ። ሳይፈቅድ ለጎረቤትም፣ ለዘመድም፣ ለንስሐ አባትም አይነገር። ወሬው ከወጣ ድብደባና እስር ሊያመጣበት ይችላል።

ሦስተኛ፣ ከገበታ አንለየው። ከቤተሰቡ ጋር ይብላ፣ ይሥራ፣ ዓመት በዓል ይዋል።

አራተኛ፣ ምልክቱን እንወቅ። እንቅልፍና ምግብ ማጣት፣ ከሰው መሸሽ፣ የሚወደውን ነገር መጥላት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ለጤና ባለሙያ ይታይ። “ብሞት ይሻለኛል” ካለ ለማስፈራራት ነው ብላችሁ አትለፉት። የጸረ ተባይ መድኃኒቱንና ገመዱን ከቤት አርቁ፤ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ያከመው ባለሙያ የታካሚውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ለአያቶች አንድ ቃል ልጨምር። ልጅ ለእናት ለአባቱ ያልተናገረውን ለእናንተ የሚናገርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እናንተ ስትቆጡ እንኳ ጉልበታችሁ ስር መጠጋት ለምዷልና። ቡና ሲፈላ ከጓዳ ያልወጣ የልጅ ልጅ ካለ ሲኒውን ይዛችሁ ሂዱና አጠገቡ ተቀመጡ። ጥያቄው ይቆይ፤ ሲችል ራሱ ይነግራችኋል።