ትልቁ ኤስና ትንሹ ኤስ፦ ከአሴምብለር ወደ አሴምብለር የተዛወረ ኮድ ቢልድ አላደርግ ሲል

ከአንድ አሴምብለር ወደ ሌላው የተዛወረ ኮድ ቢልድ አላደርግ ሲል፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ኮዱ ውስጥ ሳይሆን ኮዱን ወደ ፕሮግራም በሚያደርሰው ቅንብር ውስጥ ነው። የትኛው መሣሪያ ተጠራ? በምን ፎርማት እንዲጽፍ ታዘዘ? ፋይሉ በምን ስም ቀረበለት? እነዚህ ሳይጠየቁ ቀርተው ደህና የተተረጎመ ኮድ ስንት ጊዜ ፈርሶ እንደ አዲስ ተጽፏል።

አሴምብለር በሰው ቃል የተጻፈን የማሽን መመሪያ ወደ ቁጥር የሚለውጥ ፕሮግራም ነው። ሊሰመርበት የሚገባው አሴምብሊ የሚባል አንድ ቋንቋ አለመኖሩ ነው። ኢንቴል 8086ን እ.ኤ.አ. በ1978 ካወጣ ወዲህ ለዚያው የፕሮሰሰር ቤተሰብ ብዙ አሴምብለሮች ተጽፈዋል። የማይክሮሶፍቱ ማዝም በ1981፣ ሳይመን ታተምና ጁሊያን ሆል የጀመሩት ናዝም ደግሞ በ1996 ወጡ። ጋዝ የሚባለው የግኑ አሴምብለር ከጂሲሲ ኮምፓይለር ጀርባ ሆኖ ይሠራል። ማዝምና ናዝም መድረሻውን ከመነሻው ያስቀድማሉ፤ ጋዝ ካልተነገረው በስተቀር መነሻውን ያስቀድማል። ይህን ያህሉን ማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ይናገራል፣ የማዛወሪያ ስክሪፕቶችም በሚገባ ይወጡታል።

መጽሐፉ የማይነግረው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። አሴምብሊን በኢሙ8086 ማስመሰያ ፕሮግራም የጀመረ ተማሪ አንድ ቁልፍ ይጫናል፣ ፕሮግራሙ ይሮጣል። ሊንከር የሚባል ነገር መኖሩን ዓይኑ አያይም። ያንኑ ኮድ ለሊኑክስ ወይም ለዊንዶውስ ወደ ናዝም ወይም ወደ ጋዝ ሲያዛውረው ግን ሥራው በሦስት እጅ ያልፋል። ቅድመ አዘጋጁ ማክሮዎችንና የሚካተቱ ፋይሎችን ይዘረጋል፣ አሴምብለሩ ኦብጀክት ፋይል ያወጣል፣ ሊንከሩ ኦብጀክቶቹን አገጣጥሞ ፕሮግራም ያደርጋቸዋል። ሦስቱን የሚያዛቸው ቅንብሩ ነው፤ ሜክፋይል ይሁን የቪዥዋል ስቱዲዮ ፕሮጀክት ወይም የሲሜክ ፋይል።

ስለዚህ ኤረር ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ማን ተናገረ የሚለው ነው። አሴምብለሩ ከሆነ የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር ይሰጣል። በሊኑክስ የሊንከሩ ንግግር «ኤልዲ» በሚል ስም ይጀምራል። ብዙ ጀማሪዎች እርዳታ ሲጠይቁ ይዘው የሚመጡት የመጨረሻውን መስመር ነው፤ እሱም «ሊንከሩ በ1 ተመለሰ» ከማለት በቀር አንዳች ነገር አይናገርም። ቁም ነገሩ ያለው ከመጀመሪያው መስመር ነውና ወደ ላይ ተመልሶ ማንበብ ልማድ ሊሆን ይገባል።

የፎርማት ጉዳይ አጭር ነው። ናዝም በሰረዝና በ«ኤፍ» ፊደል ፎርማት ካልተነገረው ኦብጀክት ፋይል አያወጣም፤ ለቡት ሴክተር የሚሆን ጥሬ ባይነሪ ያወጣል። ሊንከሩም የፋይሉን ፎርማት አላውቀውም ይላል። «ኢኤልኤፍ» ብሎ ቁጥሩን መተውም አይበቃም፤ ናዝም ይህን የሚረዳው ባለ32 ቢት ብሎ ነው። ለባለ64 ቢት ሊኑክስ «ኢኤልኤፍ64»፣ ለባለ64 ቢት ዊንዶውስ «ዊን64» ተብሎ ቁጥሩ ጭምር መጻፍ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። የግኑ መሣሪያዎች አንድን የአሴምብሊ ፋይል በስሙ መጨረሻ ላይ ባለው ፊደል ይለዩታል፦ ነጥብና ኤስ። ይህች ኤስ ትልቁ የላቲን ፊደል ወይም ትንሹ ልትሆን ትችላለች፣ ሁለቱም ትክክል ይመስላሉ፣ ሁለቱም በብዛት ይታያሉ። ልዩነቱን እንደ ጽሑፍ ውበት የሚቆጥሩት ብዙ ናቸው፤ ይህ ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ለጂሲሲ የተሰጠ ፋይል በትልቁ ኤስ ካለቀ መጀመሪያ በሲ ቅድመ አዘጋጅ ያልፋል፣ ከዚያ ወደ አሴምብለሩ ይሄዳል። በትንሹ ኤስ ካለቀ ቅድመ አዘጋጁን ሳያይ በቀጥታ ወደ አሴምብለሩ ይገባል።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ ወዲያው በታየ ነበር። የሚያስቸግረው በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ለጋዝ የሃሽ ምልክት (#) የአስተያየት መጀመሪያ መሆኑ ነው። የማዝምን ቋሚ ቁጥሮች ወደ ሲ አጻጻፍ ያዛወረ ሰው ከፋይሉ ራስ ላይ «#ዲፋይን ማክስ 100» ብሎ ጻፈ እንበል። ፋይሉ በትንሹ ኤስ ከተሰየመ አሴምብለሩ መስመሩን እንደ አስተያየት ዘልሎት ያልፋል። ቅሬታ የለም፣ ማስጠንቀቂያም የለም። ዝቅ ብሎ «ማክስ» የሚለው ስም ሲመጣ ጋዝ አሁንም ዝም ይላል። ጋዝ የማያውቀውን ስም ሁሉ ከሌላ ፋይል የሚመጣ አድርጎ ይወስዳልና። ኦብጀክት ፋይሉ ያለ እንከን ይወጣል። በመጨረሻ ሊንከሩ «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ» ብሎ ይጮኻል። ያኔ ሰውዬው ላይብረሪ ጎደለብኝ ብሎ ላይብረሪ ፍለጋ ይነሣል። የጎደለው ግን ላይብረሪ አይደለም፤ አንድ ፊደል ትልቅ አለመሆኑ ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። ኮዱ በ«#ኢፍዴፍ» እና በ«#ኤልስ» ሁለት መንገድ ቢኖረው፣ አንዱ ለሊኑክስ አንዱ ለዊንዶውስ፣ በትንሹ ኤስ በተሰየመ ፋይል ውስጥ የመለያ መስመሮቹ ሁሉ አስተያየት ሆነው ይቀራሉ፣ ሁለቱም መንገዶች ግን ይተረጎማሉ። በሁለቱ ውስጥ ተመሳሳይ ሌብል ከሌለ ኤረር የሚባል አይመጣም፤ ሊንከሩም ያልፈዋል። ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን ሠርቶ ወደ ሁለተኛው ይሸጋገራል። እንዲህ ያለውን ጥፋት በዲበገር እየተከታተሉ ቀን መፍጀት ቀላል ነው፤ ኮዱ በዓይን ሲነበብ ፍጹም ትክክል ነውና።

ጉዳቱ ወደ ዊንዶውስ ሲሻገር ሌላ መልክ ይይዛል። በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ እንደተለመደው በትልቁና በትንሹ ኤስ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ፋይሎች አብረው መኖር አይችሉም። ጂሲሲ ከሲ ኮድ አሴምብሊ አውጣ ሲባል ውጤቱን በትንሹ ኤስ ይጽፋል። እዚያው ፎልደር ውስጥ በእጅ የተጻፈ፣ ስሙ ያው የሆነ፣ በትልቁ ኤስ የሚያልቅ ፋይል ካለ ይደመሰሳል። የሳምንት ሥራ በአንድ ኮማንድ ይጠፋል ማለት ነው። በእጅ የተጻፈን ኮድ ኮምፓይለር ከሚያወጣው ጋር በአንድ ስም መሰየም መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

ለአማርኛ ጸሐፊ ይህ ለምን እንደሚያመልጥ መረዳት አያስቸግርም። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባም እያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ ነው የገባው። በምትኩ የራሳችን ተመሳሳይ ወጥመድ አለን። «ሠላም» እና «ሰላም» ለአንባቢ አንድ ናቸው። በዩኒኮድ ግን ንጉሡ ሠ 1220፣ እሳቱ ሰ 1230 የሚል ቁጥር አላቸው። ጋዝ በሌብል ስም ውስጥ የግዕዝ ፊደል ይቀበላል። ስለዚህ በአንዱ ፋይል «ሰላም» የሚል ሌብል ጽፎ ከሌላው ፋይል «ሠላም» ብሎ የሚጠራ ሰው ያንኑ «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ» ያያል። ሊንከር ስምን የሚያነጻጽረው በባይት እንጂ በድምፅ አይደለም። ይህን ሙከራ በአምስት ደቂቃ ሠርቶ ያየ ተማሪ ትልቁንና ትንሹን ኤስ ከዚያ ወዲያ አይረሳም።

የስም ነገር ከተነሣ ማዝም መጠቀስ አለበት። በእሱ ልማድ፣ ካልተከለከለ በቀር፣ በአንድ ፋይል ውስጥ «ካውንት» በትልቅ ሲ ቢጻፍም በትንሽ ሲ ቢጻፍም ያው ነው። ናዝም ግን ይለያል። ለዓመታት በማዝም ሲንከባለል የኖረ ኮድ ወደ ናዝም ሲዛወር ተደብቆ የኖረው ዝርክርክነት ሁሉ በአንድ ቀን ይወጣል። የግርጌ ሰረዝም አለ፦ ባለ32 ቢት ዊንዶውስ ላይ የሲ ኮምፓይለር በፈንክሽን ስም ፊት የግርጌ ሰረዝ ይጨምራል፣ ባለ64 ቢት ላይ አይጨምርም፣ ሊኑክስም አይጨምርም፣ ማክ ግን ይጨምራል። ኮዱን ሁሉ እየዞሩ መቀየር አያሻም፤ ናዝም ለዚህ የሚሆን የቅድመ ስም ምርጫ አለው።

ሌላው የተለመደ ችግር ፋይሉ ከነጭራሹ ወደ ቢልድ አለመግባቱ ነው። በቪዥዋል ስቱዲዮ የማዝም ማበጀት ሳይመረጥ በፊት ወደ ፕሮጀክቱ የተጨመረ የአሴምብሊ ፋይል በዝርዝሩ ውስጥ ይታያል፣ ግን ማንም አይተረጉመውም። በኋላ ማበጀቱ ቢመረጥም የፋይሉ ዓይነት በንብረት ገጹ ላይ በእጅ ካልተቀየረ እንደዚያው ይቀራል። ሲሜክም የናዝም ቋንቋ ሳይፈቀድለት የአሴምብሊ ፋይል ቢዘረዘርለት ቅሬታ ሳያሰማ ይተወዋል። ግኑ ሜክ በነጥብ ኤስ ለሚያልቁ ፋይሎች አብሮት የተወለደ ሕግ አለው፤ በነጥብ ኤኤስኤም ለሚያልቁት ግን የለውም፣ ሊጻፍለት ይገባል።

ይህን ለመለየት አንድ ቀላል መፈተኛ አለ፦ በፋይሉ መካከል ትርጉም የሌለው ቃል መጻፍ። ቢልዱ ካልጮኸ ፋይሉ እየተነበበ አይደለም። ሌላውን ምርመራ ሁሉ ከዚህ በኋላ ማድረግ ጊዜ ይቆጥባል።

የመርቲ ወረዳ ከተማ በሆነችው አቦምሳ ለእረፍት የተመለሰ አንድ ተማሪ የገጠመው ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከአዳማ በፍላሽ ይዞት የሄደውን ፕሮጀክት ቤት ባለ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ከማዝም ወደ ጋዝ ያዛውራል። ኤረሩን ያያል፣ ያርማል፣ ሴቭ ያደርጋል፣ ሜክን ይጠራል፤ ሜክ «ሁሉም የታደሰ ነው» ይለዋል። ፈንክሽኑን ቢደመስሰውም መልሱ ያው ነው። ወንድሙ የጠራው የሰፈር ኮምፒውተር ጠጋኝ ኮዱን አልጠየቀም፤ ከስክሪኑ ጥግ ያለውን ቀን አየ፦ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ። የማዘርቦርዱ ክብ ባትሪ ሞቶ ነበርና መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳል። ሜክ ፋይል መለወጡን የሚያውቀው ሰዓቱን አይቶ ነው። ከፍላሹ የመጣው ኦብጀክት ፋይል ዘንድሮ የተሠራ ነው፣ የተማሪው እርማት ግን በዚያ ሰዓት ሲለካ ከዓመታት በፊት የተጻፈ ነው። ሜክ ስለዚህ የሚሠራ ነገር የለም ብሎ ያምናል። ባትሪው ተቀየረ፣ ቀኑ ተስተካከለ፣ የድሮ ኦብጀክቶች ተሰረዙ፣ ኮዱ በመጀመሪያው ሙከራ ተገነባ።

ሰዓቱ ትክክል በሆነበት ኮምፒውተርም ይኸው ይደርሳል። ሜክፋይሉ ራሱ በጥገኞች ዝርዝር ውስጥ ካልተጻፈ፣ በውስጡ ያለውን ፎርማት ከ32 ወደ 64 መለወጥ ሜክን ምንም እንዲሠራ አያደርገውም። ሰው ትክክለኛውን መፍትሔ አግኝቶ፣ ለውጥ ባለማየቱ ስሕተት ነው ብሎ ይጥለዋል። አሴምብለር ከተቀየረ በኋላ የድሮዎቹን ኦብጀክቶች ጠርጎ ሳያጸዱ ቢልድ ማድረግ ለዚህ ነው የማይገባው።

የመነሻ ነጥብም እንዲሁ ይዘነጋል። ማዝም ፕሮግራሙ የት እንደሚጀምር የሚያውቀው በፋይሉ መጨረሻ ካለው የ«ኤንድ» መስመር ነው። በሊኑክስ ሊንከሩ በግርጌ ሰረዝ የሚጀምር «ስታርት» የሚባል ግሎባል ስም ይፈልጋል፤ ካጣው ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ከኮዱ ክፍል መጀመሪያ ያስነሣዋል። ማስጠንቀቂያው ችላ ሲባል ፕሮግራሙ ከፊት ከተጻፈው ፈንክሽን ተነሥቶ ይወድቃል። ኮዱ በጂሲሲ በኩል ከሲ ጋር የሚያያዝ ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልገው ስም «ሜይን» ነው እንጂ «ስታርት» አይደለም።

የቀሩት ሁለት ችግሮች የዘመኑ ናቸው። ኡቡንቱ ከ16.10 ጀምሮ ፕሮግራሞችን በየትኛውም አድራሻ መጫን በሚችል መልክ ይገነባል፤ ቋሚ ባለ32 ቢት አድራሻ የያዘ ኮድ በሊንከሩ በኩል አያልፍም። «ኖ-ፓይ» የሚለው ምርጫ ያሳልፈዋል፣ ግን ማስታገሻ ነው። ለናዝም ከፋይሉ ራስ ላይ «ዲፎልት ሬል» መጻፍ፣ ለጋዝ አድራሻውን በአርአይፒ ሬጂስተር በኩል መጥራት ይሻላል። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው፣ የግኑን አሴምብለርና ሊንከር ከያዘው ቢንዩቲልስ 2.39 ወዲህ የሚታየው የስታክ ማስጠንቀቂያ ነው። ኮምፓይለር በየኦብጀክቱ ላይ ስታኩ ኮድ አይሮጥበትም የሚል ባዶ ክፍል ይጨምራል፤ በእጅ የተጻፈ አሴምብሊ ይህ የለውም። አንድ መስመር በፋይሉ መጨረሻ ሲጨመር ማስጠንቀቂያው ይጠፋል፣ ስታኩም እንደሚገባው ይዘጋል።