ስለ ሰውነት ዘበኞችና ስለ ጽኑ ኢንፍሉዌንዛ

በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አዲስ አበባን የመታውን፥ ሕዝቡም የኅዳር በሽታ ብሎ የሰየመውን ደዌ በወሬ ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። ይህ ደዌ በዚያን ጊዜ ዓለሙን ሁሉ ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ሰውን ያስደነቀው ነገር ግን ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ብቻ ሳይሆን ጕልበቱ የሞላውን ጐልማሳ ጭምር በብዛት መጣሉ ነው። ብርቱው ስለ ምን ወደቀ?

መልሱን ለመረዳት አስቀድሞ የሰውነትን ዘበኞች ማወቅ ያስፈልጋል። እነዚህም ነጭ የደም ሕዋሳት የሚባሉት ናቸው፤ አንዳንዶቹ ባዕድ ነገር እየዋጡ እንደሚያጠፉ ሜችኒኮፍ የሚባል ሊቅ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1882 አስተዋለ፥ በ1908ም የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። ቫይረሱ የመተንፈሻውን ሕዋሳት ሲይዝ፥ የተያዙት ሕዋሳት ኢንተርፌሮን የሚባል የማስጠንቀቂያ ቅመም ይለቃሉ። ዋጮቹ ሕዋሳት ቀድመው ይደርሳሉ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ቲ የተባሉት ሕዋሳት በቫይረስ የተያዘውን ሕዋስ ለይተው ይገድላሉ፤ ቢ የተባሉትም ፀረ አካል ያዘጋጃሉ። ትኩሳቱና የገላው መሰባበር የዚሁ ጦርነት ምልክት ነው፤ በብዙው ሰው ዘንድም በድል ይፈጸማል።

በጽኑ ሕመም ጊዜ ግን ቫይረሱ ወደ ሳንባ ጥልቅ ይወርዳል፥ ጥሪውም ከመጠን ያልፋል። ዘበኞቹ እጅግ በዝተው ሲጐርፉ፥ ለጠላት ያዘጋጁት መርዝ የሳንባውን ስስ ግድግዳ ያቆስላል፤ ስሱ የደም ሥር ፈሳሽ ያንጠባጥባል፤ የአየሩም ከረጢት ይሞላል። ሌባ ሊያባርር የመጣ ዘበኛ ቤቱን እንደ ማፍረስ ነው። ሊቃውንት የዚያን ዘመን ቫይረስ እንደ ገና ሠርተው በአውሮጳ አቆጣጠር በ2007 በጦጣዎች ላይ ሲመረምሩት እንዲህ ያለውን ልክ ያለፈ መልስ አይተዋል። ለብርቱዎቹ መሞትም አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ሁለተኛውም በቆሰለው ሳንባ ላይ ባክቴሪያ ተከትሎ ገብቶ የሳንባ ምች ማምጣቱ ነው፤ ብዙዎችን የገደለ እርሱ ነው።

ስለዚህ ትንፋሹ ያጠረውን፥ ከንፈሩ የጠቈረውን፥ አእምሮው የታወከውን፥ ይልቁንም ከተሻለው በኋላ ትኩሳቱ የተመለሰበትን በሽተኛ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል። ቫይረሱን የሚገታው መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ሲሰጥ ይበልጥ ይጠቅማል። ክትባትም ዘበኞቹ ጠላታቸውን አስቀድመው እንዲለዩት ያደርጋል። እኔ ብርቱ ነኝ ብሎ ሕመምን መናቅ ግን ብዙ ብርቱዎችን እንደ ጣለ የኅዳር በሽታ ምስክር ነው።