ኔትወርክ ጠፋ ብለህ ላፕቶፕ አትዝጋ

እዚህ ጎንደር አጠገብ ፀዳ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ኮሚት ማድረግ አልቻልኩም» ብሎ ላፕቶፑን ከደነ። ሳይሞክር!

ስህተቱ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጀማሪ የኮድ ለውጥ መዝጋቢውን ጊትንና ኮዱ የሚጫንበትን ድረ ገጽ ጊትሀብን አንድ ያደርጋቸዋል። ጊትን ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. ለሊኑክስ ከርነል ሥራ ጻፈው፤ ጊትሀብ የተከፈተው በ2008 ነው። ኮሚት (የተመዘገበው ለውጥ) የሚቀመጠው እዚያው ማሽንህ ላይ፣ «ዶት ጊት» በሚባል የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ነው። ኢንተርኔት የሚፈልጉት ፑሽ፣ ፑልና ክሎን ናቸው።

ብራንች (የሥራ ቅርንጫፍ) ግራ ለሚያጋባው ሰው ደግሞ የጎንደርን የትርጓሜ ጉባኤ ቤት አስታውሳለሁ። መምህሩ ቃሉን ይፈታና «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ይጨምራል፤ የፊተኛው አይሰረዝም። ብራንችም እንደዚያ ነው። ልዩነቱ መርጅ (ቅርንጫፎቹን ማዋሐድ) ላይ ይመጣል፦ «አንድም» ሁለቱንም ይዞ ይኖራል፤ ጊት ግን ሁለት ሰው አንዱን መስመር በየፊናው ከነካው ይቆማል። ፋይሉ ውስጥ ሰባት < ይደረድርና ያንተን፣ ከሰባት = በታች ደግሞ የሌላውን ያሳይሃል። ኮዱ ተበላሸ ብለህ አትደንግጥ (እኔ ደንግጬ ፎልደሩን እንዳለ አጥፍቻለሁ)። የሚቀረውን መርጠህ፣ ምልክቶቹን አጥፍተህ ኮሚት ማድረግ ነው።

ይህን ስነግረው ልጁ ላፕቶፑን መልሶ ከፍቶ ሥራውን ቀጠለ። ማታ ኔትወርክ ሲመጣ ያደረጋቸው አራት ኮሚቶች በአንድ ፑሽ ሄዱ።