ቾፒኖ፤ የሳን ፍራንሲስኮ ዓሣ አጥማጆች ወጥ በቤት ውስጥ የሚሠራበት ሁኔታ

የበሬ ወይም የበግ ሥጋ በወጥ ውስጥ በቆየ ቍጥር እየለሰለሰ እንደሚሄድ፣ መረቁም እየጣፈጠ እንደሚመጣ ድስት የጣደ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከባሕር የሚገኘው ምግብ ግን ጠባዩ ከዚህ የተለየ ነው። ዓሣና ሽሪምፕ እሳት ላይ በቆዩ ቍጥር ይደርቃሉ፤ ጣዕማቸውንም ያጣሉ። በሰሜን አሜሪካ በካሊፎርኒያ ጠረፍ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የኖሩ የኢጣልያ ተወላጆች «ቾፒኖ» ብለው የሚጠሩት የባሕር ወጥ የተመሠረተው በዚሁ ልዩነት ላይ ነው። ይኸውም ቁሌቱ በትዕግሥት ይበስላል፤ ዓሣው ግን በመጨረሻ ገብቶ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ለገበታ ይቀርባል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የወጡን አመጣጥ፣ የአሠራሩን ተራና ለጤና ሲባል ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ ለአንባቢዎች መግለጽ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የወጡ አመጣጥ

በ1848 በካሊፎርኒያ ወርቅ ከተገኘ በኋላ ከልዩ ልዩ አገሮች ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ከጐረፉት ሰዎች መካከል ከጄኖቫና ከአካባቢዋ የመጡ ኢጣልያውያን ይገኙ ነበር። ከእነርሱም ብዙዎቹ ወርቅ ከመቈፈር ይልቅ አባቶቻቸው ያስተማሯቸውን የዓሣ ማጥመድ ሥራ ያዙ። ጀልባዎቻቸው ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ ነበሩ፤ የምጽዋን ሳምቡክ የሚያውቅ ሰው የሸራውን ዐይነት ለመገመት አይቸገርም። ከጊዜ በኋላ ከሲሲልያ ደሴት የመጡ ዓሣ አጥማጆች ተጨመሩባቸው፤ ኖርዝ ቢች የተባለው የከተማው ክፍልም የኢጣልያውያን ሰፈር ሆነ።

በጄኖቫ ጠረፍ በሊጉሪያ አገር «ቹፒን» የሚባል የዓሣ ሾርባ አለ። ቾፒኖ የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ነው። በሊጉሪያ ሾርባውን ብዙ ጊዜ በወንፊት አጥልለው ያቀርቡታል። በሳን ፍራንሲስኮ ግን ዓሣው በቍራጩ፣ ሸርጣኑና ዛጎል ለበሱ ሁሉ ከነልባሱ በድስት ውስጥ ይቀራል። ለውጡ የመጣው ባሕሩ ከሰጠው በረከት ነው፤ በዚያ ጠረፍ ዳንጂነስ የሚባለው ትልቅና ሥጋው ጣፋጭ የሆነ ሸርጣን በብዛት ይገኝ ነበርና።

ስለ ስሙ ሌላ ወሬ ይነገራል። በወደቡ ላይ አንድ ሰው ድስት ይዞ ከጀልባ ወደ ጀልባ እየዞረ፣ በእንግሊዝኛ «ቺፕ ኢን» ማለትም «አዋጡ» እያለ ዓሣ ይሰበስብ ነበር፤ ስሙም ከዚያ ወጣ ይላሉ። ይህ ለስሙ ምንጭነት የሚታመን አይደለም። ቢሆንም ወጡ ከልዩ ልዩ መረብ የወጣውን በአንድ ድስት የሚያገናኝ በመሆኑ ወሬው በሕዝብ ዘንድ ተወዳጅ ሆኖ ቈይቷል።

በ1906 በሚያዝያ ወር የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ከእርሱም በኋላ የተነሣው ቃጠሎ ከተማውን ባጠፋ ጊዜ፣ ተፈናቃዮችን ለመርዳት አንድ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ታትሞ ይሸጥ ነበር። ቾፒኖ የሚለው ስም በኅትመት ከታየባቸው ቀደምት ጽሑፎች አንዱ ይኸው መጽሐፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ወጡ ከጀልባና ከወደብ ወደ ምግብ ቤቶች ተዛወረ። ዛሬም በዚያ አካባቢ ብዙ ቤተ ሰቦች በገና ዋዜማ ምሽት ሠርተው በአንድነት ይመገቡታል።

ለስድስት ሰው የሚያስፈልገው

ለቁሌቱ፤ የወይራ ዘይት 4 የሾርባ ማንኪያ፣ አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ ግንዱ ከሥሩ ያበጠው የእንስላል ዐይነት አንድ ራስ፣ ነጭ ሽንኩርት 5 ፍሬ፣ ደቀቅ ያለ ደረቅ በርበሬ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ የቲማቲም ድልህ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ የታሸገ ቲማቲም 800 ግራም፣ ጣፋጭ ያልሆነ ነጭ ወይን ጠጅ 350 ሚሊ ሊትር፣ የዓሣ መረቅ 1 ሊትር፣ ላውሮ የሚባለው ደረቅ ቅጠል አንድ፣ ኦሬጋኖ 1 የሻይ ማንኪያ።

ከባሕር የሚገኘው፤ ተቀቅሎ የተጸዳና የተሰባበረ አንድ ሸርጣን 900 ግራም ያህል፣ ክላም 500 ግራም፣ ሙሰል 500 ግራም፣ ሽሪምፕ 500 ግራም፣ ሥጋው ጠንከር ያለ ነጭ ዓሣ 700 ግራም። በመጨረሻም የሚነሰነስ የተከተፈ ፐርሰሜሎ እፍኝ ያህል።

ይህ ዝርዝር መመሪያ እንጂ ግዴታ አይደለም። ወጡ የተፈጠረው በዕለቱ ከተያዘው ስለ ሆነ፣ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው ስሙን ከወረቀት አንብቦ ያረጀ ዓሣ ከሚገዛ ይልቅ ሌላ ዐይነት ቢሆንም ትኵሱን ቢመርጥ ይሻለዋል። ትኵስ ዓሣ የባሕር ሽታ እንጂ የከረፋ ሽታ የለውም፤ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ ይነሣል።

አሠራሩ

1ኛ/ መረቁን ማዘጋጀት። የነጭ ዓሣ ራስና አጥንት ከተገኘ ስንጥቡ ወጥቶ በደንብ ይታጠባል። ከጥቂት ሽንኩርትና ከሽሪምፑ ልጣጭ ጋር በ1 ሊትር ተኩል ውኃ በዝግታ ይቀቀላል። ከ30 ደቂቃ በላይ ማቈየት መረቁን መራራ ያደርገዋልና በጊዜው አውጥቶ ማጥለል ይገባል።

2ኛ/ ቁሌቱን ማብሰል። በሰፊና ከባድ ድስት ዘይቱ ይሞቅና ሽንኩርቱና እንስላሉ በደቃቁ ተከትፈው ይገባሉ። በለዘብተኛ እሳት 10 ደቂቃ ያህል፣ ሳይጠቍሩ እስኪለሰልሱ ድረስ ይቍላላሉ። ነጭ ሽንኩርቱና በርበሬው ተጨምረው አንድ ደቂቃ ከቈዩ በኋላ ድልሁ ይገባል፤ ቀለሙም ጠቈር እስኪል ይታሻል። በዚህ ጊዜ ወይን ጠጁ ፈሶ በግማሽ እስኪቀንስ ይፈላል። ከዚያ ቲማቲሙ፣ መረቁ፣ ላውሮውና ኦሬጋኖው ገብተው ድስቱ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ በዝግታ ይንተከተካል። ሱጎ የሚያውቅ ሰው ይህን ሥራ እንግዳ ሆኖ አያገኘውም። ቁሌቱ ሳይበስል ዓሣ የሚጨምር ሰው በኋላ ሊያስተካክለው አይችልም፤ ጥሬውን ቲማቲም ለማብሰል ሲል ዓሣውን ያጠፋልና። ቁሌቱን በዋዜማው ሠርቶ በማቀዝቀዣ ማሳደርም ይቻላል።

3ኛ/ የባሕሩን ምግብ በየተራው መጨመር። እንግዶች ወደ ገበታ ከመቅረባቸው በፊት ቁሌቱ እንደገና ይፈላል። መጀመሪያ ክላሙ ይገባና ድስቱ ተከድኖ 5 ደቂቃ ይቈያል። ቀጥሎ ሙሰሉና አስቀድሞ የተቀቀለው ሸርጣን ይገባሉ። ከ2 ደቂቃ በኋላ በ4 ሳንቲ ሜትር መጠን የተቈረጠው ዓሣና ሽሪምፑ ከላይ ይደረደራሉ፤ ተከድነውም ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበስላሉ። ዓሣው እንዳይፈረካከስ በማማሰያ ማማሰል አይገባም፤ ድስቱን በእጀታው ይዞ ቀስ ብሎ መወዝወዝ ይበቃል። የዓሣው ሥጋ ነጭ ሆኖ በሹካ ሲነካ የሚላቀቅ ከሆነ፣ ሽሪምፑም ቀልቶ ውስጡ ነጭ ከሆነ ወጡ ደርሷል። ሙቀት መለኪያ ያለው ሰው የዓሣው ውስጥ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱን ሊያረጋግጥ ይችላል።

4ኛ/ ጨው። ክላምና ሙሰል ሲከፈቱ በውስጣቸው የያዙትን የባሕር ውኃ ወደ ወጡ ስለሚያፈሱ፣ ጨው የሚጨመረው በመጨረሻ ከተቀመሰ በኋላ ነው። ፐርሰሜሎው ተነስንሶ ወጡ በጐድጓዳ ሳሕን ይቀርባል። ከጐኑ በእርሾ የቦካ፣ ቈምጠጥ ያለ የሳን ፍራንሲስኮ ዳቦ ተጠብሶ ለማጥቀስ ይቀመጣል። ሸርጣኑ በእጅ የሚበላ ስለ ሆነ ፎጣና የልባስ መጣያ ሳሕን ማዘጋጀት አይዘነጋም።

የዚህ ሁሉ ምክንያት

በመሬት ላይ የሚኖር እንስሳ ሥጋ በጠንካራ ጅማት የተያያዘ ነው፤ ጅማቱ ቀልጦ እንዲለሰልስ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። ዓሣ ግን ውኃ ስለሚሸከመው ሥጋውን የሚያያይዘው ጅማት ጥቂትና ስስ ነው፤ በአነስተኛ ሙቀትም ይቀልጣል። ከዚያ በላይ እሳት ላይ ሲቈይ ሥጋው እየተኰማተረ በውስጡ ያለውን ፈሳሽ ይጨምቃል። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ዓሣ በአምስት ደቂቃ መዘናጋት እንደ ገለባ ይሆናል።

ስለ ጤና ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ክላምና ሙሰል እስከሚበስሉ ድረስ በሕይወት መቈየት አለባቸው። ከሞቱ ፈጥነው ይበላሻሉና። አፋቸው ገርበብ ብሎ የተገኙትን መታ መታ ሲያደርጓቸው የሚዘጉ ከሆነ ደኅና ናቸው፤ የማይዘጉትና ዛጎላቸው የተሰበረው ይጣላሉ። በበሰሉ ጊዜ ሳይከፈቱ የቀሩትም አይበሉም። በቤት ውስጥ የሚቀመጡት በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍነው በማቀዝቀዣ ነው። አየር በማያስገባ ከረጢት ወይም በማይጨው ውኃ ውስጥ ከተደረጉ ግን ይሞታሉ።

ከዚህ የበለጠ ሊፈራ የሚገባው ዐይን የማያየው መርዝ ነው። በባሕር ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ጥቃቅን ዕፀዋት በሚበዙበት ወራት የሚፈጥሩት መርዝ በሙሰል፣ በክላምና በሸርጣን አካል ይጠራቀማል። ይህንን መርዝ የወጥ ሙቀት አያጠፋውም፤ ጣዕሙም ሽታውም አይለይም። በካሊፎርኒያ በየዓመቱ ከግንቦት 1 እስከ ጥቅምት 31 ሰው ለራሱ ምግብ ከጠረፍ ሙሰል እንዳይለቅም የሚከለከለው ስለዚህ ነው። በ2015 ዶሞይክ አሲድ የሚባለው መርዝ በሸርጣን ውስጥ በመገኘቱ በኅዳር ሊከፈት የነበረው የሸርጣን ንግድ ተዘግቶ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ጠረፍ እንደገና የተከፈተው በመጋቢት 2016 ነበር። ለዓሣ አጥማጆቹ ኪሳራው ከባድ ነበር፤ ነገር ግን የሰው ሕይወት ከገበያ ይበልጣል። ስለዚህ ከጠረፍ ራሱ የሚለቅም ሰው የጤና ባለሥልጣንን ማስታወቂያ አስቀድሞ ይመልከት፤ የሸርጣኑንም የሆድ ዕቃ ከወጡ አያግባ።

የተረፈው ወጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ ሳይቈይ ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ። ሥጋው ከዛጎሉ ተለይቶ ቢቀመጥና በሦስት ቀን ውስጥ ቢበላ መልካም ነው።

እንደየቤቱ ልማድ ስለ ማስተካከል

ከውኃ እንስሳት ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የማይበሉ ብዙ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖችና የቤተ እስራኤል ወገኖች መኖራቸው የታወቀ ነው። እነዚህ ሸርጣኑን፣ ሽሪምፑንና ዛጎል ለበሱን ትተው ሁለት ወይም ሦስት ዐይነት ባለ ቅርፊት ዓሣ በአንድ ኪሎ ተኩል መጠን ቢጠቀሙ ወጡ አይጐድልበትም። እንዲያውም ወደ አሮጌው የሊጉሪያ ሾርባ ይቀርባል። ወፍራሙ ቍራጭ መጀመሪያ፣ ስሱ በኋላ እንዲገባ ብቻ መጠንቀቅ ያሻል። ወይን ጠጅ የማይጠጡ እስላሞችና ሌሎችም በወይኑ ፈንታ ያንኑ ያህል መረቅ ጨምረው በመጨረሻ የአንድ ሎሚ ጭማቂ ቢያደርጉበት፣ ወጡ የሚፈልገውን ኮምጣጣነት ያገኛል።

በጠቅላላው ቾፒኖ ውድ ዕቃ ወይም የተለየ የወጥ ቤት ሙያ የሚጠይቅ ምግብ አይደለም። ዓሣ አጥማጆች በሥራ ደክመው ሲመለሱ ከተረፋቸው ዓሣ የሚሠሩት ወጥ ነበርና። የሚጠይቀው ቁሌቱን አለመቸኰልን፣ ዓሣውን አለማዘግየትንና ያጠራጠረውን ሳያዝኑ መጣልን ነው። እነዚህን ሦስቱን የጠበቀ ቤተ ሰብ ድስቱን በመካከል አስቀምጦ በሰላም ይመገባል።