የቀንና የቅጽበት ልዩነት በቀድሞው ጃቫ

የኮምፒዩተር ትምህርት የምንከታተል ተማሪዎች አዲስ ፕሮግራም ከመጻፍ ይልቅ ሌሎች ከዓመታት በፊት የጻፉትን እንድናድስ ብዙ ጊዜ እንታዘዛለን። ፕሮግራሙ በጃቫ ቋንቋ የተጻፈ እንደ ሆነ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረን የቀንና የሰዓት ነገር ነው። ምክንያቱን በአጭሩ እንገልጻለን።

ጃቫ በ1996 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ለቀን የተሰጠው መሣሪያ «ዴት» ይባላል። ዴት ዓመትን ከ1900፣ ወርን ከዜሮ ጀምሮ ይቈጥራል። እንግዲህ አንድ ሰው የ2007 ዓ.ም. እንቍጣጣሽን፣ ማለት ሴፕቴምበር 11 ቀን 2014ን ለመመዝገብ «2014፣ 9፣ 11» ብሎ ቢጽፍ የሚያገኘው ኦክቶበር 11 ቀን 3914 ነው። ማሽኑም ተሳስተሃል አይለውም። በ1997 የተጨመረው «ካሌንደር» የዓመቱን ነገር አቃና፤ ወርን ከዜሮ መጀመሩን ግን አልተወም። ፌብሩዋሪ 30 ቀን 2014 ቢሉትም ዝም ብሎ ማርች 2 ያደርገዋል።

ይህስ በጥንቃቄ ይታለፋል። ዋናው ችግር ከዚህ የጠለቀ ነው። ዴት በስሙ ቀን ይባል እንጂ በውስጡ የያዘው ቀንን አይደለም፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 በግሪኒች ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ያለፈውን የሚሊሴኮንድ ቍጥር ነው። ይኸውም ቅጽበት ነው። ቅጽበት ለዓለም ሁሉ አንድ ሲሆን፣ ቀን ግን እንደየአገሩ ይለያያል። ስለዚህ የአንዲት ሕፃን ልደት አዲስ አበባ ላይ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2014፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተብሎ በዴት ቢመዘገብ፣ ያው መዝገብ በዋሺንግተን ሰዓት በሚሠራ ማሽን ሲከፈት ሴፕቴምበር 10፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ሆኖ ይታያል። ከዚያ ላይ የልደት ወረቀት ቢታተም ሕፃኗ ባልተወለደችበት ቀን ተወለደች ተብሎ ይጻፍባታል። ሁለት ወረቀት ሁለት ቀን ሲናገር ደግሞ የሚጠየቀው ፕሮግራሙ ሳይሆን ባለወረቀቱ ነው።

በማርች 2014 የወጣው ጃቫ 8 ሁለቱን ለያየ፤ ለቅጽበት «ኢንስታንት»ን፣ ለቀን «ሎካል ዴት»ን ሰጠ። በአዲሱ መሣሪያ ወር ከ1 ይጀምራል፤ አንድ ጊዜ የተሠራ ቀንም አይለወጥም። የጃፓንንና የሂጅራን አቈጣጠር ሲጨምር ግን የእኛን 13 ወር አላካተተም፤ እርሱን ከውጭ በተዘጋጀ ቤተ መጻሕፍት መጨመር ያስፈልጋል።

ስለዚህ፣ ጓደኞቻችን ሆይ፣ አሮጌ ፕሮግራም ስትረከቡ ዴት በተጻፈበት ሁሉ ቆም ብላችሁ ጠይቁ፤ ጸሐፊው ሊመዘግብ የፈለገው ቅጽበትን ነው ወይስ ቀንን? የልደት ቀን ከሆነ ወደ ሎካል ዴት አዛውሩት፤ ስታዛውሩትም መጀመሪያ የተመዘገበበትን አገር ሰዓት አትርሱ።