የሰውን ልብ እናነባለን ስለሚሉ የምትሐት ጨዋታዎችና ስለ አሮጌ ዕቃዎቻቸው

በአውሮፓና በአሜሪካ አሮጌ ዕቃ መሰብሰብ የሚወዱ ሰዎች ብዙ ናቸው። አንዱ ቴምብር፥ አንዱ የጥንት ሰዓት ሲያከማች፥ ሌላው ደግሞ በትያትር ቤት የሰው ልብ እናውቃለን እያሉ ሕዝብን ያስደንቁ የነበሩ ምትሐተኞች የሠሩባቸውን ዕቃዎች ይገዛል። እኛም ነገሩን ብንመረምረው ከዕቃው ይልቅ የሰዎቹ ድካም አስደነቀን።

ከዕቃዎቹ አንዱ ወረቀት የሚደገፍበት ሰሌዳ ነው። ተመልካቹ ጥያቄውን ወይም የወዳጁን ስም ጽፎ ወረቀቱን አጥፎ በኪሱ ይከታል፤ ማንም አላየብኝም ብሎም ይተማመናል። ነገር ግን በሰሌዳው ልባስ ሥር ካርቦንና ነጭ ወረቀት ተደብቆ ኖሮ ጽሕፈቱ እዚያ ታትሞ ይቀራል። ሌላይቱ በአውራ ጣት ጥፍር ላይ የምትለጠፍ ቅንጣት እርሳስ ናት፤ ምትሐተኛው አስቀድሜ ጽፌዋለሁ እያለ ባዶ ካርድ ይዞ ይቆያል፥ ሰውዬው ያሰበውን ቍጥር በተናገረ ጊዜ ግን በጥፍሩ ይጽፈዋል። እንዲህ ያለው ሰሌዳ በትያትር ብቻ አልቀረም፤ ከሙታን ጋር እናገናኛለን የሚሉ አታላዮች የኀዘንተኞችን ገንዘብ በልተውበታል። ዛሬ በሰብሳቢው ሣጥን ውስጥ የጨዋታውንና የማታለያውን ሰሌዳ በመልክ መለየት አይቻልም።

ያለ ሰሌዳና ያለ እርሳስ የሠሩ ሰዎች ግን ነበሩ። ሙሴ ሮቤር ኡደን የተባለው ፈረንሳዊ አስቀድሞ ሰዓት ሠሪ ነበረ፤ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1845 ዓ.ም. በፓሪስ በፓሌ ሮያል ትያትር ከፈተ። በሚከተለው ዓመት ልጁን ኤሚልን ዓይኑን በጨርቅ ሸፍኖ በመድረክ ላይ አስቀመጠ። እርሱም በሕዝቡ መካከል እየዞረ ሰዎች የሚሰጡትን ዕቃ ሲያነሣ፥ ልጁ ምን እንደ ሆነ ይናገራል። ምስጢሩ በአባትየው የጥያቄ ቃላት ውስጥ ነበረ። ኋላም አባት አፉን ዘግቶ ደወል ብቻ ይመታ ጀመር።

ወደዚህ የደረሱት በቤታቸው ብዙ ደክመው ነው። መጀመሪያ የዶሚኖን ነጥብ ሳይቈጥሩ ባንድ ጊዜ እይታ ድምሩን መናገር ተለማመዱ። ከዚያም በሱቅ መስኮት ፊት ሳይቆሙ እያለፉ ያዩትን ሁሉ በወረቀት ይጽፉ ነበር፤ አባትየው ራሱ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ልጁ ይበልጠው እንደ ነበረ ይመሰክራል። ዳዊት በቃሉ የደገመ ሰው ይህን ድካም ያውቀዋል።

በዴንማርክ የተወለዱት ባልና ሚስት ጁልየስና አግነስ ዛንሲግም በ1906 ዓ.ም. በለንደን እንዲህ ያለ ጨዋታ አሳዩ። የሸርሎክ ሆምስን ታሪክ የደረሰው አርተር ኮናን ዶይል እንኳ ልባቸው በእውነት የሚነጋገር መሰለው። እንደዚያ ያለ ብልኅ ሰው መሳቱ ያስገርማል! አግነስ በ1916 ዓ.ም. ሞተች፤ ጁልየስም በ1924 ዓ.ም. ነገሩ ሁሉ የተጠና የምልክት ቋንቋ መሆኑን በለንደን ጋዜጣ ገለጠ።

ሮቤር ኡደን በተወለደባት በብሏ ከተማ በስሙ የተሰየመ የምትሐት ቤተ መዘክር በ1998 ዓ.ም. ተከፍቷል። ይህን የመሰለ ዕቃ ለመሰብሰብ የሚያስብ አንባቢ ቢኖር፥ ሰሌዳውን ከመግዛቱ በፊት የአሠራሩ ጽሕፈት አብሮት መኖሩን ይጠይቅ። እስከዚያው አንድ የዶሚኖ ሣጥን ገዝቶ ከልጆቹ ጋር ይቀመጥ፤ ማን እንደሚቀድም በሳምንት ውስጥ ያየዋል።